የዕርቁ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ለብዙ ዓመታት ደም የተቃቡ ሁለት ጎረቤታሞች ሊታረቁ ነው እንበል። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ የነገሩ ግማሽ አልቋል። በዋዜማው ምሽት ዕርቁን የማይፈልግ አንድ ጎረምሳ ከአንደኛው ወገን ተነሥቶ የሌላውን ልጅ ይገድላል። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መሠረት ዛፉ ሥር ይጠብቃሉ። ወዳጆቼ፣ ልጁ የሞተበት አባት ወደ ዛፉ ይሂድ ወይስ ይቅር?

«ይሂድ» ብላችሁ ቶሎ አትመልሱ፤ የልጁ አስከሬን ገና ከቤት አልወጣም። «ይቅር» ብላችሁም አትቸኩሉ፤ ገዳዩ የፈለገው ይህንኑ ነውና።

ጥያቄው የምሳሌ ብቻ አይደለም። ሕንድና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1947 ከእንግሊዝ አገዛዝ ወጥተው ሁለት አገር ከሆኑ ወዲህ (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሽሚር ይገባኛል ምክንያት ተዋግተዋል። ዛሬ ሁለቱም የኑክሌር ቦምብ ታጥቀዋል። ለመታረቅ ሲሞክሩ ግን ሦስተኛ እጅ ደጋግሞ በመካከላቸው ገብቷል።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2007 ሌሊት ከዴልሂ ወደ ፓኪስታን ድንበር ይጓዝ የነበረ ባቡር ፓኒፓት ከተማ አጠገብ ሲደርስ፣ በተጠመደ ቦምብ ሁለት ፉርጎዎቹ በእሳት ጋዩ። 68 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፓኪስታናውያን ነበሩ። የባቡሩ ስም «ሳምጃውታ» ነው፤ ትርጉሙም «ስምምነት» ማለት ነው። የፓኪስታኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኩርሺድ ካሱሪ ዴልሂ ለመግባት ሁለት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ጉዞውን አልሰረዙም። ሄዱ፤ ፌብሩዋሪ 21 ቀንም ሁለቱ አገሮች ከኑክሌር ጦር መሣሪያ ጋር የተያያዘ አደጋ እንዳይደርስ የሚረዳ ስምምነት ፈረሙ።

በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር 26 ቀን ደግሞ ሌላው የፓኪስታን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሻህ ማህሙድ ቁሬሺ ለውይይት ዴልሂ ነበሩ። በዚያው ምሽት ከፓኪስታን በባሕር የመጡ 10 ታጣቂዎች ሙምባይ ገብተው በሆቴሎች፣ በባቡር ጣቢያና በሌሎችም ቦታዎች 166 ሰዎችን ገደሉ። በዚህ ጊዜ ድርድሩ ተቋረጠ፤ እንደገና ለመጀመር ከሁለት ዓመት በላይ ወሰደ። በ2015 የገና ዕለት የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ሳይታሰብ ላሆር ወርደው የፓኪስታኑን ጠቅላይ ሚኒስትር ናዋዝ ሸሪፍን በልደታቸው ቀን ጎበኙ። ከስምንት ቀን በኋላ ታጣቂዎች ፓታንኮት የሚገኘውን የሕንድ አየር ኃይል ሰፈር አጠቁ፤ ለዚያ ወር የተያዘው የባለሥልጣናት ውይይትም ሳይካሄድ ቀረ። ኤፕሪል 2025 ካሽሚር ውስጥ ፓሃልጋም በተባለ ቦታ 26 ሰዎች ሲገደሉ፣ ሕንድ ጦርነቶችን ሁሉ ተሻግሮ የኖረውን የ1960ውን የኢንደስ ወንዝ ውኃ ስምምነት አገደች፤ በግንቦትም ሁለቱ አገሮች ለአራት ቀናት ተዋጉ።

ስሌቱን አስተውሉ። አሥር ሰዎች ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ የሚጠብቀውን ዕርቅ አስቆሙ። ሽብርተኛ ጦርነት ማሸነፍ አያስፈልገውም። እኛን ማስቆጣት ይበቃዋል፤ የቀረውን ሥራ ቁጣችን ይጨርስለታል። ገዳዩ ካልተያዘ ደግሞ በትሩ የሚያርፈው ቅርብ በተገኘው ጎረቤት ላይ ነው። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህን ነው።

በ2001 አሜሪካ ላይ የመስከረሙ ጥቃት ከደረሰ ወዲህ «ሽብርን መዋጋት» የዓለም መንግሥታት ሁሉ ቋንቋ ሆኗል። ይህ መልካም ጎን አለው፤ አገሮች ተባብረው የገዳዮችን የገንዘብ መንገድ ዘግተዋል። ነገር ግን ጎረቤት አገር በጅምላ «ሽብርተኛ» ከተባለ በኋላ ከእርሱ ጋር መነጋገር ክህደት ይመስላል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የሕንድ ፓርላማ ሲጠቃ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሁለቱ አገሮች ወታደሮች በድንበር ላይ ለወራት ተፋጠው ቆዩ።

«ታዲያ ገዳዩን ያስጠጋ ጎረቤትስ?» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሙምባዩ ሴራ በከፊል በምድሯ ላይ እንደታቀደ ፓኪስታን ራሷ በ2009 አምናለች፤ ሕንድም ዋናዎቹ ጥፋተኞች ተገቢውን ቅጣት አላገኙም ትላለች። በሌላ በኩል ባቡሩን በማቃጠል የተከሰሱ ሕንዳውያን በ2019 በሕንድ ፍርድ ቤት ነፃ ተለቀዋል፤ የፓኪስታናውያኑ ቤተ ሰቦችም ፍትሕ ይጠይቃሉ። ነቢዩ ኤርምያስ የሕዝቡን ቁስል ላይ ላዩን እየዳበሱ ሰላም የሚያውጁትን ገሥጿል። ስለዚህ «ለሰላም ሲባል ሬሳውን እንርሳው» የሚል ዕርቅ እግዚአብሔር የሚወደው ዕርቅ አይደለም።

ሆኖም ፍትሕ የሚጠየቀው የት ነው? ማስረጃ የሚያቀብለው፣ ተጠርጣሪውን ይዞ ለፍርድ የሚያቀርበው ያው ጎረቤት ነው። ከእርሱ ጋር መነጋገር ያቆመ ሰው ፍትሕ የሚጠይቅበትን በር በገዛ እጁ ዘጋ። ያ አባት ልጁን ይቅበር፤ ያልቅስ፤ ለሽማግሌዎቹም «ሳምንት ስጡኝ» ይበል። ቀጠሮ ማራዘምና ሽምግልና ማፍረስ ይለያያሉ። ከሐዘን ሲነሣ ግን ወደ ዛፉ ሄዶ «ከሁሉ በፊት የልጄ ደም ይነሣ» ብሎ እዚያው ይጠይቅ። ነህምያ ቅጥሩን ሲሠራ ጠላት በዛተበት ጊዜ ሠራተኞቹ በአንድ እጃቸው ሠሩ፣ በሌላው መሣሪያ ያዙ። ነገሩ ስለ ቅጥር ቢሆንም ትምህርቱ ለዕርቅም ይሆናል፤ መጠንቀቅ ሥራ ማቆም አይደለም።

ጎረቤትን በጅምላ መኮነን ሐሰት የሚሆንበት ምክንያትም አለ። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2013 በፓኪስታኗ ፔሻዋር፣ ከእሑድ አምልኮ የሚወጡ ምእመናን በአጥፍቶ ጠፊዎች ቦምብ ተመቱ፤ ከ80 በላይ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር በዚያችው ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ከ130 በላይ ተማሪዎች ተገደሉ። ያን ጊዜ ሞዲ የሕንድ ትምህርት ቤቶች ሁለት ደቂቃ በጸጥታ እንዲቆሙ ጠየቁ፤ የባላንጣ አገር ልጆችም ለፓኪስታን ልጆች ቆሙ። ገዳዩ የሁለቱም ጠላት ነው።

እኛም ይህን ፈተና እናውቀዋለን። በ2015 በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በእምነታቸው ምክንያት ሲገደሉ፣ ገዳዮቹ እዚህም ጎረቤት ከጎረቤት ቢጣላላቸው ይወዱ ነበር። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች ግን ለቅሶ ቤት አብረው ተቀመጡ።

የምናምነው ወንጌል ደግሞ ልጁ ስለ ተገደለበት አባት ይናገራል። ጠላቶቹ ሆነን ሳለን የዕርቁን እርምጃ የጀመረው እርሱ ነው። የልጁ መገደል ዕርቁን አላስቆመውም፤ ኃጢአታችንም በመስቀሉ ላይ ተፈረደበት እንጂ እንዲሁ አልታለፈም። ጌታም በተራራው ስብከቱ ብፁዓን ካላቸው መካከል አስታራቂዎችን ቆጥሯል። ይህ ስም የሚሰጠው ግን ሰላም ለሚመኝ ሁሉ ሳይሆን ዋጋ ከፍሎ ለሚሠራ ነው። ከመንደሩ «ፈሪ» የሚል ስድብ ሊከተለው ይችላል፤ የገዛ ዘመዶቹም ሊያኮርፉት ይችላሉ።

እናንተ የአገር መሪዎች አይደላችሁም። ሆኖም የጥቃት ወሬ በስልካችሁ ሲደርሳችሁ፣ «እነርሱ ናቸው» የሚለውን ቃል አንድን ሕዝብ በሙሉ ጠቅልሎ ከመላካችሁ በፊት ማን እንዲላክ እንደሚፈልግ አስቡ። በኅብረት ጊዜያችሁም በዚህ ተወያዩ። ያ አባት ደጁ ላይ ቆሞ ዛፉን እያየ ነው፤ ጉልበቱ ከድቶታል። ጎረቤቱ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ? ክንዱን ይዞ እስከ ዛፉ የሚያደርሰውስ ከመካከላችሁ ማነው?