ስለ ሕፃን እጅና ስለ ወላጅ ትዕግሥት

በሰንበት ቀን ቅዳሴ በሚቀደስበት ጊዜ በሴቶች መቆሚያ በኩል ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አለ። አንዲት እናት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጇን በጀርባዋ አዝላ ትቆማለች። ሕፃኑ ነጠላዋን ገለጥ ያደርግና ሹሩባዋን በሁለት እጁ ጨብጦ ይጎትታል። እርሷ ከሕመሙ የተነሣ አንገቷን ታዘነብላለች፤ እርሱ ግን ይሥቃል። ሁለተኛ ሲጎትት እጁን ትመታዋለች፤ ሕፃኑም ያለቅሳል። በአጠገቧ ካሉት ሴቶች አንዲቱ «ልጅ አይደለምን? ተዪው» ትላታለች፤ ሌላይቱም «አንቺም ጠጕሩን ሳቢው፤ ሕመሙን ሲያውቀው ይተዋል» ብላ ትመክራታለች። ጥቂት ቈይቶም ያው ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ ሆኖ ቅዱስ ቍርባንን ይቀበላል።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሦስቱ ሴቶች ዘንድ ሦስት ፍርድ ተሰጥቷል፤ ይኸውም መምታት፥ መተው፥ ብድር መመለስ ነው። እነዚህ ሦስቱ ሰው ልጁን በሚያሳድግበት ዘመን ሁሉ ከፊቱ የሚቆሙ መንገዶች ናቸው። እንግዲህ፥ ምእመናን ሆይ፥ ጥያቄው ይህ ነው፤ በደል የሌለበትን ልጅ ከሚያደርገው ነገር መከልከል የሚገባ ከሆነ፥ ያለ በቀል መከልከል የሚቻለው እንዴት ነው?

አስቀድሞ በዚያች እጅ ላይ በደል መኖሩን እንመርምር። ሕፃን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በመዳፉ ላይ የተቀመጠለትን ነገር ሳያስብ ይጨብጣል። ይህ ጭብጥ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር ገደማ እየጠፋ በፈቃድ መጨበጥ ይተካዋል። የጨበጡትን በፈቃድ መልቀቅ ግን ከመጨበጥ በኋላ የሚመጣ ችሎታ ነው፤ ሕፃናት ይህን ደኅና አድርገው የሚለምዱት አንድ ዓመት ወደ መሙላት ሲቃረቡ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን እጁ የፈለገውን ለመከልከል የሚያስችለው ኀይል እስከ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ እጅግ ደካማ ነው። ሲጎትት የእናቱ ፊት ይለወጣል፤ ድምፅም ታሰማለች፤ ዘወር ብላም ትመለከተዋለች። ስለዚህ የሚሥቀው በእናቱ ሥቃይ ሳይሆን፥ በትንሽ እጁ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር መንቀሳቀሱን በማየቱ ነው።

በምዕራብ የነበረው አውግስጢኖስ በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ መጻፍ በጀመረው «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ፥ ሌላ ሕፃን ጡት ሲጠባ አይቶ የሚቀና ሕፃን ማየቱን ተርኮ ነበር። በሕፃን ልብም ክፉ ፈቃድ እንዳለ ከዚህ ሊያስረዳ ፈልጓል። እኛ ግን ወንዱን በአርባ፥ ሴቲቱን በሰማንያ ቀን አጥምቀን፥ ሳንጠራጠር ወደ ሥጋ ወደሙ የምናቀርበው ሕፃን በፈቃዱ የሠራው ኀጢአት እንደሌለበት እናምናለን። በቅዱስ ቍርባን ፊት ንጹሕ ያልነውን፥ ጠጕራችን ስለ ተጎተተ ወዲያው ወንጀለኛ ልናደርገው አይገባም።

እንግዲያስ ይተው ይሆን? አይደለም። አባቶቻችን ዕንቍላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም ያለችውን ልጅ ታሪክ ይነግሩናል። ልጁ አድጎ ከብት ሰረቀ፤ ለሞት በተፈረደበትም ቀን «በዕንቍላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ብሎ እናቱን ወቀሳት። ካህኑ ዔሊም የልጆቹን በደል እያወቀ ስላልከለከላቸው በቤቱ ላይ ፍርድ መጣ። እርግጥ ዕንቍላል የሰረቀው ልጅና የዔሊ ልጆች የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር፤ የእኛ ሕፃን ግን አያውቅም። ነገር ግን በልጁ በኩል በደል ባይኖርም በወላጁ በኩል ዕዳ አለ። ዛሬ የእናቱን ጠጕር የሳበች እጅ ነገ የታናሽ እኅቱን ዐይን ትነካለች፤ ወይም ዐቅም ያጣች አያቱን ታሳምማለች። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በቤቱ ውስጥ ሁለት ሕግ ሲኖር ነው። ሰኞ ሲጎትት ቤተ ሰቡ ሁሉ ይሥቅለታል፤ ማክሰኞ እናቱ ደክሟታልና ትመታዋለች። ሕፃኑ በአንድ ሥራ አንድ ቀን ተመሰገነ፥ አንድ ቀን ተቀጣ፤ ከዚህ የሚማረው የእናቱን የድካም ሰዓት መፍራት እንጂ ሥራው ክፉ መሆኑን አይደለም።

«አንቺም ሳቢው» የሚለው ምክር ፍትሕ ስለሚመስል ብዙዎችን ያታልላል። የእናቱ ሕመም እንደ ራሱ ሕመም መሆኑን ለመረዳት፥ ሕፃኑ የራሱን ማስታወስና የእርሷንም በልቡ ማሰብ፥ ሁለቱንም ማስተያየት ያስፈልገዋል። በሁለተኛው ዓመቱ ሰው ሲያዝን አይቶ ማባበል ይጀምራል፤ ይህ ግን ገና ቡቃያ ነው፤ ቡቃያም በመጎተት አያድግም። ጠጕሩ የተሳበበት ሕፃን የሚማረው ጠጕር መሳብ ታላላቆችም የሚያደርጉት ሥራ መሆኑን ነው። ጌታችን በተራራ ላይ ባስተማረው ትምህርት በአቻዎች መካከል እንኳ ብድር መመለስን ከልክሎናል፤ ይልቁንም በታላቅና በታናሽ መካከል እንዴት ይፈቀዳል? በሁለቱም እጆች የተደረገው ሥራ አንድ ነው፤ በዕውቀትና በፈቃድ ያደረገችው ግን የእናቲቱ እጅ ብቻ ናት። እንግዲህ ልጁን ለማስተማር ተብሎ፥ ኀጢአት ባልነበረበት ነገር ላይ ኀጢአት ተጨመረበት።

ታዲያ የሚገባው ምንድር ነው? እናቲቱ በመጀመሪያ የሕፃኑን እጅ በእጇ ሸፍና ወደ ራሷ ታስጠጋው፤ እጁ ከራሷ ከተጠጋ ጠጕሩ አይሳብምና ሕመሙ ይቀንሳል፤ ከሕመሙም ጋር ቍጣዋ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ ጣቶቹን አንድ በአንድ በቀስታ ትክፈት። ሳትጮኽና ሳትሥቅ፥ ጸጥ ባለ ድምፅ «አይሆንም፤ ያማል» ትበለው፤ ከዚህ የረዘመ ቃል ለዚያ ዕድሜ አይጠቅምም። ቀጥላም መዳፉን ይዛ ጠጕሯን መዳበስን ታሳየው፤ እጅ ከክፉ ሲከለከል መልካም ሥራ ሊሰጠው ይገባልና። ደግሞ ቢጎትት፥ አውርዳ ለጥቂት ጊዜ በአጠገቧ ታስቀምጠው። ጠጕርን በሻሽ መሸፈን፥ በእጁ የሚይዘውን ነገር መስጠት፥ ራብ ወይም እንቅልፍ ወይም የጥርስ መብቀል እንዳስቸገረው መመልከት ከጥበብ ይቈጠራል። አባትም አያትም የሚረዱአትም ሁሉ በዚሁ ሥርዐት ይጽኑ፤ ጢሙን ሲጎትቱት የሚሥቅ አያት በቤቱ ካለ የእናት ድካም ከንቱ ይሆናል። ይህም በአንድ ቀን አይፈጸምም፤ ብዙ ሳምንት መድገም ይጠይቃል።

«ሰሎሞን ስለ በትር ተናግሮ የለምን?» የሚል ይኖራል። በትር የተነገረው ተግሣጽን ሰምቶ እንቢ ማለት ለሚችል ነው፤ ገና ቃልን ለማይለይ ግን በትሩ ድንጋጤ ብቻ ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶንና ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ አዝዟል። ከ398 እስከ 404 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን የሕፃንን ነፍስ አዲስ በተቈረቈረች ከተማ፥ የስሜት ሕዋሳቱንም በበሮቿ መስሏል። አዘውትሮ መምታትን ግን ከልክሏል፤ ዱላ የለመደ ልጅ ዱላን ይንቃልና። አስተውሉ፤ የከተማን በር የሚጠብቅ ዘበኛ በሩን አይሰብርም።

አንድ ቃል ደግሞ ለካህናት አባቶች ልጨምር። እናት ወደ ንስሐ አባቷ መጥታ «ልጄን በቍጣ መታሁት» ስትል፥ ነገሩን አቃልለን በሣቅ አናሰናብታት፤ አክብደንም ተስፋ አናስቈርጣት። ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደ ነቃች፥ የሚረዳት ሰው መኖሩንም እንጠይቃት። ባሏንም ጠርተን ልጁን በመያዝ እንዲያግዛት እንምከረው፤ ትዕግሥት ዕረፍትን ትሻለችና። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል፤ እናትንም ስንወዳት ከነድካሟ እንውደዳት።

እኛም ምን እንደ ያዝን ሳናውቅ የያዝነው፥ ማንን እንዳሳመምን ሳናውቅ የጎተትነው ብዙ ነው። እግዚአብሔር ግን ስለ ድንቍርናችን አልቈረጠንም፤ በትዕግሥቱ እየከለከለ እስከ ዛሬ አቈይቶናል። በዚህ ትዕግሥት የቈየን እኛ፥ የልጃችንን ጣቶች በቀስታ መክፈትን እንድንማር እርሱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።