ለጭብጨባ አትሙቱ

ልጆቼ፣ ከወረታ ወደ ሐሙሲትም ሂዱ ወደ አዲስ ዘመን መንገዱ ሜዳ ነው። ሜዳ ደግሞ ልብ ያሳብጣል። ሞተር ሳይክሉን በአንድ ጎማ የሚያስኬደውን፣ ባጃጁን ገበያ መሐል እያጠፈ የሚያልፈውን ወጣት ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የአውሮፕላን ነገር ነው። እንዲህ ያለውን አብራሪም ሆነ ነጂ የሚያጠፋው አንድ ነው፤ «ሰው እያየኝ ነው» ማለት።

በጥቅምት 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ስትሰናዳ፣ ከኒው ዮርክ ሃርለም የመጣው አብራሪ ሁበርት ጁልያን የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ «ጂፕሲ ሞዝ» አውሮፕላን ያለ ፈቃድ አስነሥቶ በረረ። ባሕር ዛፍ ላይ ወድቆ ሰባበራት። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀድሞ በጃንጥላ ዘሎ ያገኘው ክብር ግን አላስጣለውም፣ ከአገር ተባረረ።

ሁሉም እንደ እሱ አይተርፍም። መጋቢት 10 ቀን 1974 ዓ.ም. ፍሎሪዳ ውስጥ፣ የሮክ ዘፋኙ የኦዚ ኦስቦርን ባንድ አውቶቡስ ሹፌር ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ ሳያስፈቅድ ትንሽ አውሮፕላን አስነሣ። የ25 ዓመቱን ጊታር ተጫዋች ራንዲ ሮድስንና አንዲት ሴትን ጭኖ በቆመው አውቶቡስ ላይ ዝቅ እያለ ተመላለሰ። በመጨረሻ ክንፉ አውቶቡሱን ነካ፤ አውሮፕላኑ ቤት ላይ ተከስክሶ ነደደ። ሦስቱም ሞቱ። በአብራሪው አስከሬን ምርመራ ኮኬይን ተገኘ።

ከፍ ብሎ የሚበር ሰው ቢሳሳት ማረሚያ ጊዜ አለው። ከመሬት አጠገብ ግን ስሕተቱን ሳይረዳው መሬቱ ይቀድመዋል። ሽቦ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ወፍ አለ። የወፉን ነገር እኛ የጣና ዙሪያ ሰዎች እናውቀዋለን። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ርግቦች ገብተውበት ሲወድቅ፣ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። እነዚያ አብራሪዎች አልቀበጡም፤ የሚነሣ አውሮፕላን ዝቅ ማለቱ ግድ ነው። ሳይቀብጡ እንዲህ ከሆነ፣ ቀብጦ ዝቅ ማለት ምን ሊባል ነው?

የእናንተ ከፍታ ከፊታችሁ ያለው ባዶ መንገድ ነው። ማታ ከርብ ወንዝ ዳር ግጦሽ የሚመለስ የፎገራ ከብት አስፋልት ሲያቋርጥ፣ መሪዋ ላም መሐል ላይ ቆማ ጥጃዋን ትጠብቃለች። በፍጥነት እየበረርክ ስትደርስ ችሎታህ አያቆምህም፤ የሚያቆምህ ርቀት ነው፣ እሱን ደግሞ ቀድመህ ጨርሰኸዋል።

ከኋላ የተቀመጥክ ልጅ፣ ነጂው ጓደኛህም ቢሆን «ወራጅ አለ» በል። ይስቁብሃል፤ ይሳቁ። ዳር ቆማችሁ የምትቀርጹም ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ተመልካች ያጣ ቅብጠት ቶሎ ይበርዳል። ጎበዝ መባል ያማራችሁ እንደሆነ፣ ያፈናጠጣችሁትን ሰው በደኅና እናቱ ደጅ አድርሱ።