የሰፈር ደመራ ባለቤት

ልጄ፣ የሰፈራችሁ ሰው የዘንድሮውን የደመራ መዋጮ አንተ ዘንድ እንዳስቀመጠ ምራቴ ነገረችኝ። እሰየው። ያስቀመጡብህ ግን ገንዘቡን ብቻ አይምሰልህ። መዋጮ ሰብሳቢ፣ እንጨት ተሸካሚ፣ ዘፈን አውጪ በየመንደሩ ሞልቷል። የሚታጣው፣ እሳቱ ከተለኮሰ ጀምሮ ፍሙ እስኪከስም ድረስ «ይህ እሳት በእኔ እጅ ነው» ብሎ የሚቆም አንድ ሰው ነው። ያንን ሰው ሁን፤ ካልሆንክም ሰፈርተኛው ሁሉ እየሰማ በስሙ ጠርተህ ሰይም።

ዕድሜዬን ወንጂ ሸንኮራ መሃል ስለጨረስኩ እሳት አያውቅም አትለኝም። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም ሥራ ካስጀመረ ወዲህ አገዳው ከመቆረጡ በፊት ደረቅ ቅጠሉ ይቃጠላል። ነበልባሉን ልጅ ሆነህ አይተኸዋል። ያን የሚያህል እሳት ግን ዝም ብሎ አይለኮስም። ዙሪያው ይጠረጋል፣ በየማዕዘኑ ሰው ይቆማል፣ የንፋሱ አቅጣጫ ይታያል፣ «ለኩስ» የሚለውም አንድ አፍ ብቻ ነው። ንፋሱ ከከፋ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል፤ በዚህ የሚያፍር ሰው አልነበረም። በበዓል ቀን ግን ይህ ሁሉ ይረሳል። ለሸንኮራ ቅጠል የምናደርገውን ጥንቃቄ ለልጆቻችን ስንነፍጋቸው ይገርመኛል።

ደመራው ራሱ የቆየ ነው። ንግሥት እሌኒ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስቀሉን ስትፈልግ የደመራ ጢስ መርቷት እንዳገኘችው ይነገራል፤ እኛም በየዓመቱ መስከረም 16 ያንን ጢስ እናስበዋለን። ዩኔስኮ በዓሉን በ2006 ዓ.ም በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍረው እኛ ሽማግሌዎች «ከመቼ ወዲህ ነው ሳይመዘገብ የቀረው?» ብለን ተሳሳቅን። በዚህ ወቅት እሳቱ አንድ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 12 ማታ የቡሄ ችቦ አለ፣ ጳጉሜን ሲያልቅ የዘመን መለወጫው ችቦ አለ፣ ከዚያ ደመራው። ከመስቀል ቀጥሎ ደግሞ ኢሬቻ ይመጣና ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚወርደው እንግዳ አዳማ ቤታችሁ ያድራል። ቤት በእንግዳ ሲሞላ ልጅ የሚጠብቅ ዓይን ይበታተናል፤ ይህንንም ከወዲሁ አስብ።

አሁን ወደ ንፋሱ ልምጣ። አዳማ የንፋስ አገር ናት። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን ማማዎች ስታይ ለጌጥ የተተከሉ አይምሰልህ። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ፤ መሐንዲሶቹ ለክተው ነው እዚያ የተከሏቸው። ያ ንፋስ አምፖል የሚያበራውን ያህል ፍንጣሪ ተሸክሞ ጎረቤት ደጅ ያደርሳል። ደጋ አገር ገደል ሥር ተከልሎ የሚነድ ደመራ እዚህ ሌላ ጠባይ አለው። ስለዚህ ከመለኮስህ በፊት አፈር ቆንጥረህ ልቀቀውና ወዴት እንደሚሄድ እይ። ንፋሱ በሚሄድበት በኩል የነጋዴ ሸራ፣ የታጨደ ሣር፣ የባጃጅ ተራ፣ የተሰጣ ልብስ ካለ ቦታውን ቀይር። ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለማ ነገሩ ጨርሶ አይታሰብም። «ዘንድሮ ከላይኛው ሰፈር እናስበልጥ» የሚሉህን ጎረምሶች አትስማ። ከሰው ቁመት ብዙም ያልዘለለ ደመራ ይበቃል። ካህኑም ለመባረክ ሲዞሩት አይደክሙም፤ እኔም ብሆን ለመዞር የሚቀለኝ ትንሹ ነው።

እንጨቱ ክረምት የጠገበ ስለሆነ አልነድ ይላል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ሮጦ ባለባጃጁ ዘንድ ይሄድና በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ይዞ ይመጣል። ልጄ፣ ቤንዚን እንደ ላምባ አይደለም። ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው የሚነደው፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳብና ከቆምክበት እግርህ ሥር ይደርሳል። ክብሪቱን የጫረው ሰው እሳቱ ደመራው ላይ የሚጀምር መስሎት እሱው ላይ ይጀምራል። እየነደደ ባለ እሳት ላይ ሲደፋማ ነበልባሉ ፈሳሹን ተከትሎ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ይህኛው ግን ፈሰሰ ተብሎ የሚለቀም አይደለም። መላው ቀላል ነው። ከሳምንት በፊት ደረቅ ጭራሮና የባህር ዛፍ ቅጠል አዘጋጅና በላስቲክ ሸፍነህ ጥላ ሥር አስቀምጥ። የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ያለ ቤንዚን ይያያዛል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የተባለው ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ክፉ ሰዓት የምሰሶው መውደቂያ ነው። አባቶቻችን ምሰሶው ወዴት እንደወደቀ አይተው የዘመኑን ነገር ይገምታሉ፤ ጥጋብ ነው፣ ሰላም ነው፣ ሌላም ነው ይላሉ። እምነቱን አልነካም። ግን አስተውለህ ታውቃለህ? ሰዉ ሁሉ «ወደቀ፣ ሊወድቅ ነው» እያለ የሚጠጋው ምሰሶው ሊወድቅ ሲንገዳገድ ነው። በዚያች ደቂቃ ላይ ልጅ የአባቱን እጅ ለቅቆ ይሮጣል፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጸውም ከፊቱ ያለውን እንጂ ከላዩ የሚመጣውን አያይም። ስለዚህ ምሰሶውን ስትተክል ቁመቱን ለካና የቁመቱን እጥፍ ያህል በዙሪያው በኖራ ወይም በአመድ መስመር አስምር። ወዴትም ቢወድቅ መስመሩ ውስጥ ይቀራል። ዕድል አንባቢዎቹም ከመስመሩ ውጭ ሆነው ያንብቡ፤ ዕድሉ ከሩቅም ይነበባል።

ውሃውን ነገር እንዳትረሳ። አዳማ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ አንተ ትነግረኛለህ እንጂ እኔ አልነግርህም። በርሜሉንና ጀሪካኑን ከሁለት ቀን በፊት ሙላ፤ የአሸዋ ክምርም አጠገቡ ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ጀሪካን ይምጣ። የከተማውን የእሳት አደጋ ሰዎች ስልክም ዋዜማው ሳይደርስ መዝግበህ ያዝ።

ለምራቴ ይህን ንገራት። ነጠላውን ያለ ጥንቃቄ ጣል ማድረግ በደመራ ማታ አይሆንም። ጥለቱ ተንጠልጥሎ ፍንጣሪ ይጠራል፤ በወገቧ ዙሪያ በደንብ ትታጠቀው፣ እሱንም ከቤት ሳትወጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የልጆቹ ልብስ ጥጥ ይሁን። ያ የሚያብረቀርቀው አዲስ ጨርቅ ሲቃጠል ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ቀን ላይ ለፎቶ ይልበሱት። በሰው ሠራሽ ፀጉር የተሠራ ሹሩባ ያላት ልጅም ሻሽ ትሰር።

ችቦ ለሕፃን አይሰጥም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ከአሥር ዓመት በታች ያለው ችቦውን ከአንተ ጋር አብሮ ይያዝ፤ እጁ ከእጅህ ሥር ይሁን፣ ደስታው አይጎድልበትም። ከፍ ያሉትም ቢሆኑ ችቦ እያወዛወዙ አይሯሯጡ። ቡሄ ላይ ጅራፍ የሚያጮኸው ትልቁ ልጅህ ጅራፉን ወደ ደመራው ይዞ እንዳይመጣ። እሳት ዘለው ጀግንነት የሚያሳዩ ደግሞ አይጠፉም፤ አንዴ የዘለለ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ይደግማል። እነሱን መቆጣት ያንተ ሥራ ነው፤ በሰው ፊት ቢሆንም ቆጣ።

ስለ ርችት ሐሳቤን ከጠየቅኸኝ፣ እኔ አልወደውም። ደመራው ራሱ ብርሃን ነው፤ ሌላ ፍንዳታ ምን ያደርግለታል? አንተ ግን ወጣት ነህና በልጆቹ ደስታ እንደማትጨክን አውቃለሁ። እንግዲያው መጀመሪያ ፖሊስ ለበዓሉ ያወጣውን ማስታወቂያ አድምጥ፤ ከከለከለ ክልክል ነው። ልደት ላይ ኬክ ላይ የሚሰኩት ያ ሚጢጢ ብልጭታ እንኳ ጫፉ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ልጅ ጨብጦ ሲያበቃ ሽቦው እንደ ጋለ ነው፣ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይከተት። ተለኩሶ ሳይፈነዳ የቀረን ርችት ደግሞ ማንም ሄዶ አይመርምረው። ራቅ ብለህ ቆይና ውሃ አርከፍክፍበት። ጠዋት ልጆች እየዞሩ የሚለቅሙት እሱን ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ2010 ዓ.ም ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው አዳማ የሰፈሩ ወገኖች አሉ። ከዚያ ወዲህም ከየአቅጣጫው ተኩስ ሰምቶ የመጣ ሰው ስንት ነው? ለእኛ ጨዋታ የሆነው ድምፅ ለእነሱ አልጋ ሥር የሚያስገባ ነው። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ካለ አስቀድመህ ደጃቸው ሄደህ ንገራቸው፤ ዳቦም ይዘህ ሂድ።

ወደ እንስሳቱ ልሂድ፤ እናትህ ብትኖር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለነሱ ነበር። ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ሲሰማ ውሻ ወደ 45,000 ይደርሳል። ለአንተ «ቷ» ያለው ለእሱ ምን እንደሚል አስበው። ውሻን በሰንሰለት አስሮ ርችት መተኮስ ግፍ ነው፤ ሲደነብር ሰንሰለቱ አንገቱን ያንቀዋል። ፈቶ መልቀቅም መፍትሔ አይሆንም፤ ነቅሎ ይጠፋና ዋናው መንገድ ላይ መኪና ይበላዋል። ቀን ላይ በደንብ አንሸራሽረህ አድክመው፣ ሳይመሽ አብላው፣ ከዚያ መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከለመደው ጨርቅ ጋር አስገባውና ሬዲዮ ክፈትለት። ቢንቀጠቀጥ አትቆጣው። በድንጋጤ የማያውቀውን ልጅ ቢነክስ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት ይታጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ። የእብድ ውሻ በሽታ ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዳይሆን።

ለመስቀል የተገዛውን በግ ከደመራው ራቅ አድርገህ እሰር፤ በደመራው ማታ ገመድ በጥሶ የጠፋ በግ ስንት ሰው ለፍለጋ ሲያንከራትት አይተናል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ በጉ ግን የሚያሳጥረው ያንተን ኪስ ነው። ባቱና መቂ፣ ሞጆና ሻሸመኔ እንዳየኸው ጋሪ የሚጎትት ፈረስ መንገድ ላይ ካለ እግሩ ሥር ርችት መወርወር ነፍስ መግደል ነው። የደነበረ ፈረስ ጋሪውን ከነሰዉ ይዞ ይሮጣል። ለልጆቹ ይህን በተለይ ንገራቸው። የእንስሳ ሐኪም ቢያስፈልግ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ አለ፤ በበዓል ማታ ግን መንገዱ ሰው ይሞላልና አደጋው ሳይደርስ መጠበቁ ይሻላል።

ለንደን ያለችው እህትህ አንድ ነገር ነገረችኝ። እንግሊዞች በእነሱ አቆጣጠር በ1605 ንጉሣቸውንና ፓርላማቸውን በባሩድ ሊያፈነዱ የተማከሩት ሰዎች ሴራ የከሸፈበትን ቀን በየዓመቱ ኖቬምበር 5 እሳት አንድደው ያስቡታል። ታዲያ ከመለኮሳቸው በፊት ክምሩን ያንኳኳሉ፤ ጃርት ገብቶ ተኝቶ ይሆናል ብለው። ሰማሁና ወደድኩት። የእኛም ደመራ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ድመት ከነግልገሎቿ ገብታ ልትጠለል ትችላለች፤ ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅም እንዲሁ። ከመለኮስህ በፊት በዱላ አንኳኳ፣ ዞረህም እይ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቃጠሎ ከደረሰ፣ የሚነድ ልብስ የለበሰ ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል፣ በወፍራም ጋቢ ይሸፈን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ውሃ ነው። የተቃጠለው ቦታ በቀዝቃዛ በሚፈስ ውሃ ሃያ ደቂቃ ይቆይ፤ በረዶ አይሁን። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት፣ ኮልጌት፣ አንዱም አይቀባ። ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነህ ውሰድ። የሕፃን፣ የፊት፣ የእጅ ቃጠሎ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ያየው፤ ከባዱን አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ያለው የቃጠሎ ክፍል ይቀበለዋል። ዓይን ከተነካ ማንም አይሸው፤ ሳይጫኑት ሸፍኖ መሮጥ ነው።

ፍም ለቡና ተብሎ ወደ ቤት የሚወሰድ ከሆነ መስኮት ይከፈት፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው በተኛበት ይጨርሳል። ጠዋት ደግሞ ልጆቹ አመዱን ግንባራቸው ላይ ሊቀቡ ይሮጣሉ። ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ፍም አለው፤ መጀመሪያ አንተ የእጅህን ጀርባ አስጠግተህ ሙቀቱን ፈትን። የቀረውን በውሃ አርሰህ በአሸዋ ቅበር እንጂ ቆሻሻ መጣያ ላይ አትድፋ።

ውሻችሁን ቦቢን ግን ዋዜማውን ወደኔ ላከው። ወንጂ እኛ ቤት ድረስ ርችት አይሰማም፤ ፍርፋሪ ይጠፋዋል ብለህም አታስብ። ከቀትር በፊት ይላክ፤ ከዚያ በኋላ ባለባጃጆቹ የበዓል ዋጋ ነው የሚጠይቁት።