ከፍ ያለ ቤትና የጎረቤት ክብር

ሰው ከቤቱ ገብቶ መዝጊያውን ሲዘጋ ከዓለም ዐይን ዐረፍ ይላል። አባት በጓሮው ጎመኑን ይኰተኵታል፤ እናት ልጇን ታጥባለች፤ አረጋውያን እናቶች ከዛፍ ጥላ ሥር ዳዊት ይደግማሉ። ይህ ዕረፍት ለባለጸጋ ብቻ የተሰጠ ሳይሆን ለሰው ሁሉ ክብር የሚገባ ነው። ነገር ግን ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን፥ በአሮጌው ግቢ አጠገብ ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ቤት ሲሠራ፥ ትናንት በአጥር ተከልሎ የነበረው ጓሮ በሰገነት ላይ ለቆመ ሁሉ የተገለጠ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ጎረቤቶች ተቀያይመዋል። እንግዲህ በዚህ ነገር የክርስቲያን ግዴታው ምንድር ነው?

የመንግሥት ሕግ ድርሻውን ተናግሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለ ሀብት በይዞታው ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዝዛል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወትና መኖሪያ ቤት ከመደፈር ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ሕግ ግድግዳን ይለካል እንጂ የልብን አሳብ ሊለካ አይችልም። መስኮቱ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ አመለካከቱ ኃጢአት ሊሆን ይችላል።

አስቀድመን ከፍ ባለው ቤት ስለሚኖረው እንናገር። በኦሪት፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከሰገነቱ ወድቆ እንዳይሞት ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ታዟል (ዘዳ. 22፥8)። ከዚህ የምንማረው ከፍታ መብት ብቻ ሳይሆን ዕዳም መሆኑን ነው፤ ቤቱን ከፍ ያደረገ ሰው ከከፍታው ለሚመጣው ጉዳት ሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ለሥጋ መከታ እንደሚያስፈልጋት፥ ለነፍስም መከታ ያስፈልጋታል። ንጉሥ ዳዊት በሰገነቱ ሲመላለስ እግሩ አልተሰናከለም፤ ዐይኑ ግን ተሰናከለ፤ ከዐይኑም ምኞት፥ ከምኞቱም ዝሙት፥ ከዝሙቱም የኦርዮ ደም ተከተለ (2ሳሙ. 11)።

ምናልባት «ከላይ የሚኖር ሰው ሳይወድ የሚያየው አለና ማየት ሁሉ ኃጢአት ነውን?» የሚል ቢኖር የኖኅን ልጆች ያስታውስ (ዘፍ. 9፥20-27)። ካም የአባቱን ዕራቁትነት ያየው ድንገት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ውጭ ወጥቶ መናገሩ ግን በፈቃዱ ነው። ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን መልሰው፥ የኋሊት ሄደው አባታቸውን ሸፈኑ። እንግዲህ ፊተኛው አመለካከት የአጋጣሚ ነው፤ ደግሞ መመልከቱ የልብ ነው፤ ያዩትን ለቡና ወሬ ማቅረብ ደግሞ የካም ሥራ ነው።

ዝቅ ባለው ቤት የሚኖረውም ግዴታ አለበት። የታየ ሰው ቶሎ ይጠረጥራል፤ የተከፈተ መስኮት ሁሉ እርሱን ለማየት የተከፈተ ይመስለዋል። ጌታችን ግን የበደለንን ወንድም ለብቻው ሄደን እንድንነግረው አስተምሮናል (ማቴ. 18፥15)።

በሽምግልና ከተቀመጥሁባቸው ነገሮች አንዱን ላንሣ። አንድ ሰው፥ እናቱ በጎረቤቱ አዲስ ሰገነት ምክንያት ከጓሮ መቀመጥ ስለ ተዉ ተቈጥቶ፥ አንዲት ቃል ሳይናገር ከአጥሩ በላይ ቆርቆሮ አቆመ። ቆርቆሮውም የባለ ፎቁን ወጥ ቤት ብርሃን ከለከለ። እርሱም በተራው ተቀየመ፤ ሁለት ዓመት ያህል ሰላምታ ሳይለዋወጡ ኖሩ። በዚህ መካከል የባለ ፎቁ አባት ዐረፉ፤ ዝቅ ካለው ቤት ግን ለልቅሶ የሄደ አልነበረም። በኋላ በሽማግሌ ፊት ሲነጋገሩ ባለ ፎቁ፥ «እማማ በእኔ ምክንያት ከጓሯቸው መቅረታቸውን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም» አለ። በሳምንቱም ሰገነቱን ብርሃን በሚያሳልፍ ነገር ግን በማያሳይ መስተዋት ጋረደ፤ ቆርቆሮውም ወረደ፤ እናቲቱም ዳዊታቸውን ይዘው ወደ ዛፋቸው ተመለሱ። ነገሩ የአንድ ቀን ንግግር ብቻ ኖሯል። ያለፈው ልቅሶ ግን ተመልሶ አልተደረሰም።

ስለዚህ አጥር ማጠር፥ መጋረጃ መጋረድ፥ በወሰን ላይ ዛፍ መትከል ኃጢአት አይደለም፤ ለጎረቤትም ከፈተና መጠበቂያ ነው። ነገር ግን ሳይነጋገሩ የቆመ አጥር ዐይንን ከመከልከሉ በፊት ፍቅርን ይከለክላል። ባለ ሰገነቱ ሳይጠየቅ ይጋርድ፤ ባለ ጓሮው ሳይቈጣ ይናገር።

እግዚአብሔር ከሁሉ በላይ ሆኖ ሁሉን ያያል፤ ነገር ግን ያየውን ነውራችንን በአደባባይ ሳያወጣ ለንስሐ ይታገሠናል። ከፍ ባለ ቤት የሚኖር ሁሉ በዚህ እርሱን ይምሰል፤ ዝቅ ባለው ቤት የሚኖረውም በዚሁ ትዕግሥት ጎረቤቱን ይመልከት። ለዚህም የአምላካችን ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።