ሒሳብ ዐዋቂው የማን ሰው ነው?

በዚህ በሆዳን፣ ምሽት ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ሻይ ይዘን ስንቀመጥ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ አገር ቤት ከቀረው ንብረት ላይ ያርፋል። አንዱ ከወንድሙ ጋር ያቋቋመውን ወፍጮ ቤት፣ ሌላው ከጓደኞቹ ጋር የከፈተውን የእህል መደብር ያነሣል። «ሒሳቡን የሚሠራልን ሰው አለ፤ እሱ ያውቅበታል» ይባላል። ይህ «ያውቅበታል» የሚሉት ቃል ምን ያህል እንደሚሸከም ልንመረምር ወደድን።

ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ግብር ያስቀንሳል ማለት ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ የሽርክና ማኅበር እንደ ድርጅት ተቆጥሮ ከትርፉ 30 በመቶ ይከፍላል፤ ትርፉ ለሸሪኮቹ ሲከፋፈልም ሌላ ግብር አለ። ለብቻው የሚነግድ ሰው ደግሞ እንደ ገቢው መጠን ከፍ እያለ እስከ 35 በመቶ በሚደርስ ልክ ይከፍላል። የትኛው እንደሚሻል አስልቶ መንገር የአማካሪው ሙያ ነው። አንዱን መደብር በወረቀት ለሦስት ከፍሎ በሚስት፣ በወንድምና በእናት ስም ማስመዝገብ ግን ሌላ ነው። ሚዛኑ አንድ፣ ቁልፉ አንድ፣ ስሙ ሦስት!

እንዲህ የሚያደርጉት መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም የሚናቅ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ስንቱ ነጋዴ ተማርሮ ሱቁን ዘጋ። «ገማቹ አብዝቶ ከገመተ፣ እኛ አሳንሰን ብንናገር ምን አለበት?» ይላሉ። አቤቱታ ምን ያህል እንደሚያደክም ለስደተኛ መንገር አያስፈልግም።

ነገር ግን ጉዳዩ በነጋዴውና በመንግሥት መካከል ብቻ አይደለም። በኅብረት ሽርክና ማኅበር ሸሪኮች ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትም በነጠላም ተጠያቂዎች ናቸው፤ ይህ በ1952ቱ ንግድ ሕግ ነበረ፣ በ2013ቱም ቀጠለ። ስለዚህ የተደበቀው ገቢ ሲገለጥ ግብሩና ቅጣቱ፣ መደበቁን ጨርሶ ያልሰማውን ሸሪክ ደጅም ያንኳኳል። አማካሪው ቢሮ ገብቶ የሚመክረው፣ ክፍያውን የሚቆርጥለት ሥራ አስኪያጁ ነው። ሌላው ሩቅ ነው፤ ምናልባት ይህን ገጽ እያነበበ ነው።

«የደንበኛ ምስጢር አላወጣም» ይላል አማካሪው። መልካም፤ ደንበኛው ማን ነው? ማኅበሩ ከሆነ ሸሪኩ ባዳ አይደለም፤ ከእሱ የሚሰወር ምስጢር ሊኖር አይገባም።

በዚያው በ2008 የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 983) ፈቃድ ያለው የታክስ ወኪል መዛግብቱን መርምሮ፣ የሚቀርበው የታክስ ማስታወቂያ እስከሚያውቀው ድረስ ትክክል መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያዛል። አላረጋግጥም ካለም ምክንያቱን ለግብር ከፋዩ በጽሑፍ መስጠት አለበት። እኛ ከፊተኛው ይልቅ ይህን የኋለኛውን እንወደዋለን። ዝም ብሎ እጅን መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ብዕሩ የላላ ሌላ ሰው በማግስቱ ይተካል። የተጻፈ ምክንያት ግን በመዝገቡ ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላ የሚመለስ ሸሪክ ያነበዋል። ሥራ አስኪያጁ ቢቀድደውስ? አዋጁ አያስገድደውም እንጂ፣ ለእያንዳንዱ ሸሪክ ቅጂ የሚልክ አማካሪ ከዚህ ይድናል። ደንበኛ ሊያጣ እንደሚችል፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው መሆኑንም አንዘነጋም።

አገር ቤት ድርሻ ያለን ሁላችን ለዚያ ለሚያውቅበት ሰው ሁለት መስመር እንጻፍለት፤ ያለፈውን ዓመት የታክስ ማስታወቂያ ቅጂ እንዲልክልን።