ቫኑ ከመሸጡ በፊት ይጠገን ወይስ አይጠገን?

ብዙዎቻችን ወደ እስራኤል ስንገባ የማናውቀውን አንድ ንግድ እዚህ ሐዴራ ውስጥ ለምደናል፤ ይኸውም አሮጌ መኪና መግዛትና መሸጥ ነው። አንዱ ለጽዳት ሥራ፣ ሌላው ዕቃ ለማመላለስ፣ ሌላው ደግሞ ዘመድ አዝማድ ጭኖ ለሠርግና ለለቅሶ ወደ ነታኒያ ወይም ወደ አፉላ ለመሄድ ሲል ቫን ይገዛል። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ይሸጠዋል። ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ በእኛው ቤት፣ በባልና በሚስት መካከል ያከራከረን ነው።

ቫናችን በበጋው መሞቅ ጀመረ። የራዲያተሩ ውሃ በየሳምንቱ ይጎድላል፤ ጠዋት ሲነሣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል። መካኒኩ የሞተር ዘይቱን ክዳን ፈትቶ ከሥሩ የተጋገረውን ወተት መሳይ አረፋ አሳየንና «የቴስታታው ጋስኬት ሄዷል» አለን፤ ዕብራይስጡ «አቴም ሮሽ» የሚለው ነው። ቴስታታው ወርዶ፣ በሙቀት ተጣምሞ እንደ ሆነ ተለክቶ፣ ካስፈለገም ተስተካክሎ በአዲስ ጋስኬት መመለስ አለበት። ለዚህ ሁሉ 5,000 ሼቄል ጠየቀን።

ሂሳቡን ስንሠራው ጥገናው የሚያዋጣ አልሆነም። በዚህ አገር የአሮጌ መኪና ድርድር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ሌዊ ይጽሐቅ» ከተባለው የዋጋ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሚያየው ሞዴሉን፣ የተመረተበትን ዓመት፣ የሄደውን ኪሎ ሜትርና ስንተኛ «ያድ» እንደ ሆነ ነው፤ መኪናው ደኅና መሆኑን አስቀድሞ ስለሚገምት ለአዲስ ጋስኬት ብሎ የሚጨምረው ነገር የለም። ስለዚህ ብንጠግነው 5,000ው አይመለስም፤ ጉዳቱን ተናግረን ብንሸጠው ዋጋው ይወድቃል፤ ዝም ብንል ግን ሙሉ ዋጋ እናገኛለን። ዓመታዊው «ቴስት» እንኳ አያጋልጠንም፤ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ መብራቱንና ጭሱን ይመለከታል እንጂ ሞተር ፈትቶ አያይም። (አዲስ የመጣችሁ ቤተሰቦች «ቴስት አለው» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።)

አንድ የምናውቀው ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አሳየን። ራዲያተሩ ውስጥ የሚጨመር ማሸጊያ ፈሳሽ አለ፤ በአንድ ጠርሙስ ዋጋ ፍንጣቂውን ለጥቂት ሳምንት ይይዛል፤ እስከዚያ መኪናው ይሸጣል። እውነቱን ለመናገር ይህ ሐሳብ ቤታችን ገብቶ አንድ ሌሊት አድሯል።

በአገራችንም ቢሆን እንዲህ ያለ ብልሃት ጠፍቶ አያውቅም። በሬውን ጨው አልሶ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ሆዱን ነፍቶ ገበያ የሚያቀርብ ሻጭ ነበር። ነገር ግን ገዢው ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ዋስ ይጠይቃል፤ የሻጩን አባት የሚያውቅ ሰውም ከገበያው አይታጣም። እዚህ አባታችንን የሚያውቅ ማን አለ?

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 በመግዛትና በመሸጥ ጊዜ ወንድምን መበደል መከልከሉን ቄሶቻችን ያስተምሩ ነበር። ሚሽና ግን በአባቶቻችን ዘንድ ስላልነበረ ያወቅነው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። ከእርሱም «ባባ መጺዓ» በሚባለው ክፍል፣ በምዕራፍ 4 መጨረሻ፣ ለሽያጭ የሚቀርብን ከብት ወይም ዕቃ አሳምሮ ገዢን ማታለል ተከልክሏል። ታልሙድም ሲያብራራ አዲስ ዕቃን ቀለም መቀባት እንደሚፈቀድ፣ አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል መቀባት ግን እንደማይፈቀድ ይለያል። ይህ ልዩነት ጠቀመን። ጋስኬቱን መቀየር የመኪናውን ሁኔታ ይለውጣል፤ ጠርሙሱ የሚለውጠው ገዢው የሚያየውን ብቻ ነው። (እኛም ቫኑን አሳጥበን ጎማውን በቅባት አንጸባርቀነዋል፤ ይህ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር እስካሁን አልተስማማንም።)

ጠርሙሱ ቀረ። ዝምታውስ? ከሁለታችን አንዳችን እንዲህ አልን፦ ገዢው ልጅ አይደለም፤ የመኪና መመርመሪያ «ማኾን ብዲካ» አለለት፤ ከፍሎ ያስመርምር፤ ካላስመረመረ ጥፋቱ የራሱ ነው። ይህ ክርክር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሮማዊው ኪኬሮ በ44 ዓመት ቅድመ ልደት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፉ፣ ጉድለት ያለበትን ቤት የሚሸጥ ሰው ጉድለቱን የመናገር ግዴታ አለበት ወይ ብሎ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። የባቢሎኑ ዲዮጋን እንዲገዛ ያስገደደው የለም፣ አለመናገርም ማታለል አይደለም ባይ ነው። አንቲጳጥሮስ ግን ገዢ ሲሳሳት እያዩ ዝም ማለትን፣ መንገድ ለጠፋበት ሰው መንገዱን ካለማሳየት ጋር ያመሳስለዋል።

መንገድ የጠፋበት ሰው የሚለው እኛን ነካን። የመጀመሪያውን ዓመታችንን አስታወሰን፤ ወረቀት ይዘን በአንድ ቢሮ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመናል። አጠገባችን የነበረ ሰው አንድ ፎርም እንደ ጎደለን ገና ስንገባ አይቶ ነበር፤ የነገረን ግን መስኮቱ ላይ ደርሰን ከተመለስን በኋላ ነው። አልዋሸንም። ምንም አላደረገንም። እስከ ዛሬ ግን መልኩን አልረሳነውም።

የአገሩ ሕግም ለዝምታ ብዙ ቦታ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የውል ሕግ በድርድር ጊዜ ቅን ልቡና ይጠይቃል፤ እንደ ሁኔታው መነገር የነበረበትን ነገር አለመናገርንም እንደ ማሳሳት ይቆጥረዋል። እኛን ግን ለይቶ የወሰነልን ገዢው ራሱ ነው። ከጊቭዓት ኦልጋ የመጣ ወጣት ነበር፤ ሠርቶ ሊያድርበት ነው የሚገዛው። «ማኾን ብዲካ ውሰደው» ስንለው «አባባ፣ እማማ፣ እናንተ እያላችሁ ለምን እከፍላለሁ?» አለን። ባለ ሱቅ ቢሆን ኖሮ ያስመረምር ነበር። አማርኛ ስለተናገርን ብቻ አመነን። የዲዮጋን ክርክር እዚያ ላይ አለቀ፤ ምርመራው እኛው ሆነን ተገኘን።

ታዲያ ጠግነን በሙሉ ዋጋ ብንሸጥለትስ? ንጹሑ መንገድ ይህ ይመስል ነበር፤ እኛም ለሁለት ቀን አስበንበታል። ይሁን እንጂ አንዴ በኃይል የሞቀ ሞተር ቴስታታው ቢስተካከልም ወደፊት ምን እንደሚሆን ማንም ቃል አይገባም፤ ስለዚህ ጠግነንም ቢሆን መናገራችን አይቀርም ነበር። ደረሰኝ ይዞ «ሁሉ ነገር ተጠግኗል» ማለትም ሌላ ዓይነት ቀለም ነው። ደግሞም ልጁ መካኒክ አጎት አለው፤ እኛ 5,000 የተጠየቅንበትን ሥራ በዕቃው ዋጋ ሊያሠራ ይችላል። ጠግነን ብናስረክበው ይህን ምርጫውን እንነጥቀው ነበር።

ሳይጠገን፣ ሁሉን ነግረነው፣ ከዝርዝሩ ዋጋ 6,000 ሼቄል ቀንሰን ተስማማን። ከጥገናው ዋጋ በላይ የቀነስነው ዕዳው ወደ እርሱ ስለ ዞረ ነው። ያ ገንዘብ ለልጃችን ትምህርት የታሰበ ስለ ነበር አልቀለለንም፤ አንዳችን እስከ አሁን በዛ ይላል።

ውሉን በዕብራይስጥ ስንጽፍ የጋስኬቱን ጉዳት በአንድ መስመር አስገባን። ልጁ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበና «ሌላስ ምን አለው?» ብሎ ጠየቀን። የባሕሩ ጨው የበላውን የታችኛውን ብረት አሳየነው። የኋላው በር በዝናብ ጊዜ ውሃ እንደሚያስገባ ግን ረስተነው ኖሮ ያን ጊዜ ትዝ አለን፤ ነገርነው፤ 200 ሼቄል ጨምሮ አስቀነሰን።