ሁለት ቤሳዎች

በእኛ ቋንቋ ቤሳ ትንሽ ሳንቲም ናት፤ ባዶ እጁን የቀረ ሰው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል። በአልባንያ ቋንቋ ግን ቤሳ ማለት ቃል ኪዳን ነው፤ ከተጻፈ ሕግ በፊት የኖረ፣ ፊርማ የማይጠይቅ፣ ያፈረሰውን ሰው ግን በወገኖቹ ፊት የሚያዋርድ። ተርጓሚ ቢጠየቅ «አደራ» ከማለት የተሻለ አያገኝለትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልባንያውያን የተሰደዱ አይሁዶችን በየቤታቸው የሸሸጉት በዚህ ቃል ተገደው ነበር። የሁለቱ ቃላት መመሳሰል አጋጣሚ ብቻ ነው። ሆኖም 1997 እ.ኤ.አ. አንዱ ቤሳ በሌላው የተለወጠበት ዓመት ሆኖ ይታየኛል።

አልባንያ ከአርባ ዓመት በላይ በኮሚኒስት አገዛዝ ሥር ከዓለም ተነጥላ ኖራለች። አገዛዙ በ1990ዎቹ መባቻ ሲወድቅ ሕዝቡ ስለ ወለድም ሆነ ስለ ኪሳራ የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነበር። ባንኮቹ ደካሞች ነበሩ፤ ወደ ግሪክና ወደ ኢጣሊያ የተሰደዱ ልጆች የሚልኩት ገንዘብ ግን ወደየቤቱ ይገባ ነበር። ቬፋ፣ ጃሊጻ፣ ሱዴ፣ ፖፑሊ የተባሉትና መሰሎቻቸው ይህንን ገንዘብ በከፍተኛ ወለድ ሰበሰቡት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ለቀደመው የሚከፈለው ዘግይቶ ከመጣው ተቀማጭ ላይ ተነሥቶ ነው። በ1996 መገባደጃ ሱዴ የሰውን ገንዘብ በሁለት ወር እጥፍ ለማድረግ ቃል ገባ። ገበሬው ከብቱን፣ ከተሜው ቤቱን ሸጠ። ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ገንዘቡን እንዳስገባ ይገመታል።

በጃንዋሪ 1997 ሱዴ ወደቀ። በፌብሯሪ ጃሊጻ ሲከተል መቀመጫው የነበረችው የወደብ ከተማ ቭሎራ በዐመፅ ተነሣች። በማርች መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ቢታወጅም ወታደሩ ጦር ሰፈሩን ጥሎ ሄደ፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የጦር መሣሪያ ተዘረፈ። በዚያ ዓመት ሁለት ሺህ ያህል ሰው ሞተ። ማርች 28 ስደተኞች የጫነች ጀልባ ከኢጣሊያ የባሕር ኃይል መርከብ ጋር ተጋጭታ ስትሰጥም ከሰማንያ በላይ ሰዎች አለቁ። በኤፕሪል በኢጣሊያ የሚመራ ጦር ገባ፤ ከጁን ምርጫ በኋላም ፕሬዚዳንት ሳሊ ቤሪሻ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? «ስግብግብነታቸው የእጃቸውን ሰጣቸው» የሚለው ፍርድ ለሩቅ ተመልካች ይቀልላል፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። የዓለም የገንዘብ ድርጅት አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ከድርጅቶቹ አንዳንዶቹ ለገዢው ፓርቲ የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ ሰጥተዋል፤ መንግሥትም በጊዜ አላስቆማቸውም። ሹም ዝም ባለበት አገር ገበሬው ዝምታውን እንደ ዋስትና ቢቆጥረው ምን ያስገርማል? ያታለለው ሌባ ነው፤ እያወቀ ዝም ያለው ሹም ደግሞ አደራ በላ ነው። የተታለለውን ከእነዚህ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ነው።

እኔን የሚከብደኝ ግን የሌላ ሰው ነገር ነው። ማንንም ሳያታልል፣ ቀድሞ ገብቶ፣ ወለዱን ተቀብሎ፣ ድርጅቱ ከመውደቁ በፊት ስለ ወጣው ሰው ምን እንበል? ሕግ አይከሰውም፤ የተዋዋለውን ነው የተቀበለው። ነገር ግን የያዘው ትርፍ የጎረቤቱ ላም ዋጋ ነው። ሲቀበል አላወቀም እንበል፤ ካወቀ በኋላስ? ባለማወቅ የያዝነው የሰው ገንዘብ፣ ባወቅን ማግስት አደራ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ የሚበላው ሰው ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። ሁሉን መመለስ ባይችል እንኳ፣ በከሰረው ጎረቤቱ ላይ የመሳቅ መብት የለውም።

የጥንቱ ቤሳ ፊት ለፊት የሚሰጥ ቃል ነበር፤ ሰጪው ለማን እንደ ሰጠ ያውቃል። የድርጅቶቹ ወለድ ግን የከፋዩን ፊት ሰወረ። ስለዚህ ያለ ድካም ሲሳይ በእጃችን ሲገባ ከብዛቱ አስቀድሞ ልንጠይቀው የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ ይህ ከማን ቤት ወጣ? ጥያቄው ቤሳ ቤስቲን አያስወጣም፤ ሳይጠየቅ ሲቀር ግን ከሁለቱ ቤሳዎች አንዱንም አያስተርፍም።